የዲኤክሷ ውሃ

«ማሞቂያውን ክፈቺው!» አለ አባቴ።

ከድሬዳዋ ወጥተን የደንገጎን ዳገት ተያይዘነዋል፤ ገና ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ነን። ውጪው ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው። አባቴ በዚች ቶዮታ ዲኤክስ ከድሬ ሐረር ሃያ ሰባት ዓመት ታክሲ ሠርቷል፤ ዳገት ላይ ማሞቂያ ከፍቶ የሞተሩን ትኩሳት ወደ ውስጥ መልቀቅ ለሱ ሕግ ነው። ሞተሩ ይተርፋል፣ ተሳፋሪው ይቀቀላል። ድሬ ውስጥ ያን ማሞቂያ የማያማ የድሮ ደንበኛ የለም።

«አባ፣ አያስፈልጋትም።»

«ሳሕራ፣ እኔ ነኝ የማውቃት አቦ!»

ከኋላ ወንድሜ አብዲራሺድ ሳቀ። ጉልበቱ ላይ ውሃ የተሞላ ቢጫ ጄሪካን አቅፏል። ታይዋን ገበያ ሞባይል ይሸጣል፤ ሦስት ዓመት ያለፈው ነገር ሁሉ ለሱ ቆሻሻ ነው። ዲኤክሷን ፈታትቶ ለሚሸጥ ሰው እንስጣት ብሎ አባቴን ሲነዘንዝ ከረመ። አባቴም ትናንት የጫት በርጫ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ፈረደ። ሳትቆም ደንገጎ አናት ከደረሰች ሊብሬው የሳሕራ ነው፤ መንገድ ላይ ከቆመች ነገውኑ ትፈታለች። ሊብሬው አሁን ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጥጉ ይታየኛል።

እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብ ከሰዓትን ከሷ ሥር ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። በሌላው ቀን ኢንዱስትሪ ፓርክ ማሽን እጠግናለሁ፤ ወስዳ የምትመልሰኝም እሷው ናት። ዝገት የበላውን ላሜራ አስቆርጬ አስበየድኩ። ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ አስገባሁ። ራዲያተሯን በወፍራም ቀይሬ ፊቱ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሰቀልኩ። አንድ ነገር ብቻ ለማንም አልተናገርኩም፤ እሱንም የጨረስኩት ባለፈው ዓርብ ነው።

አምስተኛውን አለፍን። ስድስተኛውን አለፍን። አባቴ እንደ ልማዱ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ዱዓ ይሁን መታጠፊያ ቆጠራ አላውቅም።

ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ግራሩ ታየ። ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ የአባቴ ነው ማለት ይቻላል፤ ሞተሯን ውሃ እያጠጣ ስንት ጊዜ ተቀምጦበታል። ዛሬ አንድ አይሱዙ ቀድሞት ቆሟል። ሞተሩ እንዲበርድ ጋቢናው ወደ ፊት ተገልብጦ እንፋሎቱ ይትጎለጎላል።

«ቁሚ» አለ አባቴ።

«አባ?»

«ቁሚና ውሃ እናጠጣት።»

አብዲራሺድ ጄሪካኑን አነሳ። ደስ ብሎታል፣ ለምን አይለው?

«አባ፣ እዚህ ከቆምኩ ተፈታች ማለት እኮ ነው። አንተው ነህ የፈረድከው።»

«ቁሚ አልኩሽ! ትቃጠላለች!»

ቁጣ መስሎኝ ዞር ስል ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው። አንዴ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ የቸኮለ ተሳፋሪ ሰምቶ እዚች ቦታ ሳይቆም አለፈ። ሞተሩ ተቃጠለ። ስምንት ወር ያለ ሥራ በር ላይ ተቀምጦ ትዝ ይለኛል። እግሬ ወደ ፍሬኑ ሄዶ ነበር።

ግን የሙቀት መለኪያዋን መርፌ አየሁ። ግማሽ ላይ ናት፣ ንቅንቅ አላለችም። ሁለት ዓመት የደከምኩት ለዚች መርፌ ነው።

«አብዲ፣ መስኮት ዝጋ!» አልኩና ከመሪው በታች የደበቅኳትን ቁልፍ ተጫንኳት። ከዚያ የአባቴን እጅ ይዤ የማሞቂያው ሙቀት ይወጣበት ከነበረው ቀዳዳ ፊት አደረግኩት።

እሳት እንደነካው እጁን ሰበሰበ። «ያ አላህ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ኤሲ።»

«ዳገት ላይ?»

«ዳገት ላይ። መርፌዋን እያት እንጂ፣ እኔን ምን ታያለህ!»

አያት። ጎንበስ ብሎ፣ በጣቱ መስታወቷን መታ መታ አድርጎ አያት። ግራሩ በጎናችን አለፈ፣ አይሱዙው አለፈ፤ አባቴም ዞሮ ድንጋዩን እስኪሰወር ድረስ ተመለከተው። ነዳጅ ጨመርኩ። ክላክሱን ለቀቅኩት፣ ከአንዱ መታጠፊያ እስከ ሌላው። እልል ማለት አማረኝ፤ አልኩም። ማን ይከለክለኛል?

አብዲራሺድ ጭንቅላቱን በሁለታችን መሀል አሾለከ። «ወደ ኋላም አዙሪው እንጂ አቦ፣ እኛስ ሰው አይደለንም?»

ደንገጎ አናት ላይ ስንቆም የአሱር አዛን እየተባለ ነበር። አባቴ ማንንም ሳይጠብቅ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። እንፋሎት የለም። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ ያን ዘመኑን ሁሉ ሲያላትመው የኖረውን ኮፈን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«ጄሪካኑን አምጣ።»

«አላልኳችሁም?» አለ አብዲራሺድ እየሮጠ።

አባቴ ግን ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። ሊብሬውን ከኪሱ አወጣ። «እንዳይርስ ያዢልኝ» አለኝ። ቢስሚላህ ብሎ ለራዲያተሩ በመጣው ውሃ ውዱእ አደረገ፤ እጁን፣ ፊቱን፣ እግሩን፣ ሳይቸኩል። ሲጨርስ ሊብሬውን ዘረጋሁለት። እያየ እጄ ላይ ተወውና ጄሪካኑን ለአብዲራሺድ አቀበለው።

«አንተም ታጠብ። እህትህም ትታጠብ። ጨርሱት።»

«ለመልስ ጉዞስ?»

አባቴ ጫማውን አጥልቆ አዛኑ ወደሚሰማበት ሄደ።

ሰግደን ስንመለስ ጄሪካኑ ባዶውን ነበር። የደንገጎ ነፋስ ደግሞ ሹራብ ያስመኛል። አባቴ ከኔ ቀድሞ ጋቢና ገባ፤ መስኮቱን አዙሮ አዙሮ እስከ ጫፍ ዘጋው፤ እጁንም ከቀዳዳው ፊት ዘርግቶ ሞተሩን እስካስነሳ ጠበቀኝ።