ካልሆነ ይታለፍ

ሰውየው ልቡ አብጧል። ጤና ጣቢያዎች የታካሚ ካርድ የሚፈልጉበትን ላይብረሪ የተባለ የፓይተን ፕሮግራም ጥቅል እንዲያፈጥን የተጨመረውን ክፍል ሲ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው እሱ ነው፤ ስድስት ወር ወገቡ እስኪቀነጠስ ለፍቶበታል። ታዲያ ያ ጉደኛ ክፍል የሲን ጽሑፍ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር የሌለው ኮምፒውተር ሲገጥመው አልገነባም ይልና ላይብረሪው በጠቅላላ ሳይጫን ይቀራል።

"ሦስት ወረዳ ካርድ ማውጣት አቅቶት እየጮኸ ነው" አለችው የሥራ ባልደረባው ይፍቱሥራ። "ያንተ ክፍል ካልተገነባ እንዲታለፍ፣ ቀሪው ግን እንዲጫን አድርጌዋለሁ።"

ደሙ ፈላ። "አፍንጫሽን ላሺ! እኔን ትርፍ ልታደርጊኝ? ያለ እኔ ኤሊ ነው!"

"እንግዲያው ትናንት በተሰጠህ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ጫንና አሳየን።"

እየተንጎራደደ ሄዶ ጫነው። ቢሮው ሁሉ ከቦት እያየ ከመቶ ሺህ ካርድ አንዱን ፈለገ፤ ዐይን ሳይርገበገብ መጣለት።

"አያችሁ? የኔ እጅ ማለት ይሄ ነው! አሁንም ይታለፍ በይ፣ አንቺ ምቀኛ!"

ይፍቱሥራ ጎንበስ አለችና ከስክሪኑ ግርጌ የወጣውን መስመር ጮክ ብላ አነበበችለት።

"ኮምፓይለር አልተገኘም። የሲው ክፍል ታልፏል።"