የሞቀ ሞተር

መኪናዋ ትንሽ ናት፤ ነጭ፣ ነጠላ ጋቢና፣ ባለ አራት ሲሊንደር ፒካፕ። ሸዋዬ ግን ካየቻት ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልታይ ብሏታል።

ከአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ እየገዛች ለሆቴሎች ማቅረብ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። እስካሁን የምታመላልሰው በባጃጅ ነበር። ባጃጁ ሲዘገይ በረዶው ይሟሟል፣ ዓሣው ይበላሻል፣ እሷ ትሰደባለች። በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ላይ ትልቁ ደንበኛዋ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል፣ ቁርጡን ነገራት። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በራሷ መኪና ካላደረሰች ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ያ ሆቴል ከሄደ የቀሩት ተደምረው የቤት ወጪ አይሸፍኑም።

ትልቅ መኪና አላማራትም። ነዳጅ ተሰልፎ በሚቀዳበት ዘመን ነዳጅ የሚጠጣ መኪና መግዛት ችግርን በገዛ እጅ መጥራት ነው። ይህቺ ግን ጠዋት ዓሣ ትጭናለች፣ ከሰዓት ገበያ ታደርሳለች፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቀጫጭን መንገዶችም እንደ ልብ ትዞራለች። ለዕለት ተዕለት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ባሏ አለሙ የበሩን ጉበን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ረጅም መምህር ነው። ሐሳቧን ጫፍ ጫፉን ብትነግረው ሳቀባት።

«ፒካፕ? እንደ ሲሚንቶ ነጋዴ ልትሆኚ ነው?»

ሳቁ አንጀቷን አሳረራት። እቁብ እንደ ወጣላትም ሳትነግረው ቀረች። «ገዝቼ በር ላይ አቆምለታለሁ፤ ያኔ ይሳቅ» አለች በልቧ።

ደላላው ሙሴ ይባላል። የመኪናዋ ባለቤት ውክልና ሰጥቶት ግቢው ውስጥ አቁሟታል። ሸዋዬ ስለ ደላላ ያላት አስተያየት አጭር ነው፤ አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሄዳ ኮፈኑን ብትዳስሰው ይሞቃል።

እዚህ ላይ ነቃች። ዓሣ ጫኝ ሹፌሮች አስቀድመው መክረዋታል፤ ሻጭ ሞተር አሙቆ ከጠበቀሽ ሲቀዘቅዝ አይነሳም ማለት ነው፣ ሽሺ ብለዋታል።

«ምነው ሞቀች?»

«ሌላ ገዢ አሉ፣ እህቴ። በጠዋት መጥተው ዞር ዞር ብለውባታል።»

«ማናቸው?»

«ምስጢር ይሁንልኝ ብለውኛል። የገዢ ስም አላወጣም።»

ሸዋዬ በሆዷ ሳቀች። የሌለ ገዢ ፈጥሮ ዋጋ መስቀል የደላላ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ወደ ኋላ የተገፋውን ወንበር ወደ ፊት ስባ ነዳቻት። ፍሪሲዮኑ ለስላሳ ነው፣ ማርሹም አላስቸገራትም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

ረቡዕ አንድ ሰዓት ላይ ደረሰች። ሞተሩ ሞቋል፣ ወንበሩም ተገፍቷል፣ ዋጋው ሃምሳ ሺህ ብር ጨምሯል።

ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣች። አለሙ ሐኪም ያዘዘለትን የእግር ጉዞ ለማድረግ ሳይነጋ ስለሚወጣ የት ልትሄጂ ነው የሚላት አልነበረም። መካኒኩን ወርቁን ይዛ ስትደርስ ሞተሩ አሁንም ትኩስ ነው።

«እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን» አለች።

ሙሴ ትከሻውን ነቀነቀ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። ወርቁ ኮፈኑን ዳስሶ ቁልፉን ቢያዞረው በአንድ ጊዜ ተነሳች። ከሥር ተኝቶ አየ፣ ዘይቱን አየ፣ ጭሱን አየ።

«ምንም የላትም» አላት።

በዚህ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት። መኪናዋ ደህና ናት፤ ሙሴ የሚያሞቃት የሌለውን ሰው ያለ ለማስመሰል ነው።

«ሌላ ገዢ የለህም!» አለችው።

«እግዜር ምስክሬ ነው! ዛሬም ነበሩ። ሌላ ሃምሳ ሺህ ጨምረዋል።»

«እንግዲያው ለሳቸው ሽጥላቸው!»

ወጣች። ይጠራኛል ብላ ቀስ ብላ ተራመደች። አልጠራትም።

ያን ቀን ሌሎች ሁለት መኪኖች አየች። አንዷ ከሥሯ በዝገት ተበልታለች፤ ሌላዋ ነዳጅ ትጨርሳለች። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሙሴ ደወለ።

«እህቴ፣ ሰውየው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሊዋዋሉ ይመጣሉ። በኋላ እንዳታዝኚብኝ።»

ቢዋሽስ? እውነት ቢሆንስ? ሰኞ በሦስተኛው ቀን ናት። በመጨረሻ ሳጥኗን ከፍታ የሠርጓን ሀብል አወጣች፤ መሃል ከተማ ወስዳ ሸጠችው። ስትሸጠው አለቀሰች፤ ወርቅ ቤቱም አላባበላትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሰውየው ዋጋ ሌላ ሃምሳ ሺህ ጨምራ ውሉን ፈረመች። ሙሴ ቁልፉን ሲሰጣት ፊቱ አልፈካም።

«ሰውየውን አሳዘንኳቸው» አለ።

«ትወናህን አሁን እንኳ አትተውም?» አለችውና አስነስታ ሄደች።

መኪናዋን ከአጥሩ ውጪ አቁማ ገባች። አለሙ ሻወር ቤት ሆኖ ያፏጫል። አዲሱ ኮቱ አልጋው ላይ ተዘርግቷል።

«ሸዋዬ፣ መጣሽ? አሥር ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለኝ፣ እንዳላረፍድ!»

«ቆይ፣ የማሳይህ ነገር አለ» ልትለው አፏን ስትከፍት ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ጮኸ። አየችው። «ሙሴ ደላላ» ይላል።

ባሏና ደላላው! ተመካክረው ነው ለካ ዋጋውን የሰቀሉባት፣ ሀብሏን ያሸጧት። ትንፋሿን ውጣ አነሳችው።

«ጋሽ አለሙ፣ እባክዎ አይቀየሙኝ» አለ ሙሴ፣ «ያቺ እልኸኛ ሴትዮ ቀደመችዎት፤ ለባለቤትዎ ስጦታ የሚሆን ሌላ ትንሽ ፒካፕ እፈልግልዎታለሁ።»