ከእቃ ማጠቢያው ሥር

የሽማግሌው ሚስት የሺመቤት ማታ ማታ፣ ኩሽና ውስጥ ከእቃ ማጠቢያው ሥር፣ በሰርዲን ጣሳ ውሃ ታስቀምጥ ነበር። ለማን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ "እኛ ብቻ ነን እንዴ የሚጠማን?" ትለዋለች። ሽማግሌው ለቆሌ የምትገብር መሰለው። ጣሳውን ደጋግሞ በእግሩ ደፋው፤ ለነፍስ አባታቸው ከሰሳት፤ ብትምልለትም አላመናት። በመጨረሻ ገበታ ለየ፣ መኝታ ለየ፣ እሷ በጠጣችበት ኩባያ ውሃ እንኳ አልቀምስም አለ። እሷም ጣሳዋን ሳትተው በጾሙ መግቢያ ሞተች።

ከቀብር እንደተመለሰ መጀመሪያ ጣሳውን አውጥቶ ጣለ።

ብዙም ሳይቆይ ኩሽናው በውሃ ተጥለቀለቀ። የተጠራው የቧንቧ ሠራተኛ ከእቃ ማጠቢያው ሥር የተጋጠውን የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጦ አወጣና ሰጠው።

"አይጥ ናት፣ አባባ። ፕላስቲክ የምትበላው ውሃ ሲጠማት ነው። እስከ ዛሬ ሳትነካው መቆየቷ ነው የገረመኝ። ሌላ የምትጠጣበት ነበራት እንዴ?"

ሽማግሌው የተጋጠውን የቱቦውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ።

"ነበራት" አለ።

ሠራተኛው አዲስ ቱቦ ገጥሞ ሲሄድ፣ ሽማግሌው ከመደርደሪያው የሚስቱን ኩባያ አወረደ። ውሃ ቀድቶ መጀመሪያ እሱ ጠጣበት። ከዚያ እንደገና እስከ አፍ ገደፉ ሞላውና፣ ጎንበስ ብሎ ከእቃ ማጠቢያው ሥር አስቀመጠው።