የባል ድምፅ የት ገባ?

የሐዲስ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ከብት ቢጠፋ ሌባን፣ መልእክት ቢጠፋ መልእክተኛን ያዝ» ይሉ ነበር።

ሚስቱ ጽጌወይን በላስ ቬጋስ ለኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀመንበርነት ተወዳድራ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀች። አባላቱ የካዚኖ ሺፍት ስለሚበዛባቸው ምርጫው በፖስታ ነበር። ሲቆጠር ያልደረሰው የአንድ ሰው ፖስታ ብቻ ነው። የሐዲስ።

ኮሚቴው «እስከ ወሩ መጨረሻ ከደረሰ እንቆጥረዋለን፤ እኩል ከወጡም ምርጫው ይደገማል» አለ።

ጽጌወይን ግን አልጠበቀችም።

«የገዛ ባሏ ያልመረጣት እያሉ ሳቁብኝ! ለተቀናቃኜ ለብርቅታይት ሰጥተህ ነው አይደል?»

«በእመቤቴ ስም! አንቺን መርጬ በጊዜ ልኬያለሁ። ፖስተኛው ነው ያዘገየው።»

«እንግዲያው ፖስተኛው እስኪያመጣው ሶፋው ላይ ተኛ።»

ሐዲስ አርትስ ዲስትሪክት በሚሉት የሠዓሊዎች ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥባል። ፖስታውን ያስገባው እዚያው ጥግ ላይ ካለው፣ እንደ አሜሪካ ፖስታ ሳጥኖች ሰማያዊ ከሆነው ሳጥን ውስጥ ነው። አምኖበት ነው የመረጠው። እንደሱ የጸዳ ሳጥን ከተማው ውስጥ አላየም፤ አንዲት ልጅ ጠዋት ጠዋት በለስላሳ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ሰዉም አጠገቡ እየቆመ ፎቶ ይነሳል። «አሜሪካኖች ምርጫ እንዴት ቢወዱ ነው!» ብሎ ተደንቆ፣ እሱም አማትቦ ነበር የከተተው።

የሰፈራቸውን ፖስተኛ በሩ ላይ ቆሞ ያፈጥበት ጀመር። ሰውየው «ሃው አር ዩ ሰር!» ብሎ ፈገግ ይላል።

«አያችሁት? ይሄ የጥፋተኛ ሳቅ ነው» አለ ሐዲስ።

ኮሌጅ የምትማረው ልጁ ናርዲ ለፖስታ ቤቱ አቤቱታ ጻፈችለት።

«ዳዲ፣ ኢሜይል ብናደርገው አይሻልም?»

«የለም፣ ፊርማ ያለበትን ነው የሚፈሩት።»

ወስዶ እዚያው ሳጥን ከተተው። መልስ የለም። ሁለተኛ አስጻፈ፤ የመጀመሪያው ለምን ዘገየ ብሎ። ሦስተኛ አስጻፈ፤ ሁለቱ ለምን ዘገዩ ብሎ። ጭጭ!

«ተመልከቺ ንቀታቸውን!» አላት ጽጌወይንን። እሷም ብርድ ልብስ ጨመረችለት፤ ሶፋው ላይ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አራተኛውን ይዞ ሄደ። ከሥራ ወጥቶ፣ ወገቡን ሶፋው ሰብሮት፣ ሳጥኑ ፊት ቆሞ አባታችን ሆይ ደገመ። አማትቦ ፖስታውን ሊያስገባ ሲል፣ ሱሪውን ቀለም የነካው የማያውቀው ሰው ከኋላው ትከሻውን ነካ አደረገው።

«ጌታዬ፣ ይህን ቅርፃ ቅርፅ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤ የሚያጎርሱት እርስዎ ነዎት?»