የእኩለ ቀኑ ወተት

ያለ ጊዜው የተወለደው ልጅ ከሆስፒታል ቤት ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው። አባቱ ትንሽነቱን አይቶ «እፍኜ» ይለዋል። ገና መጥባት ስላልቻለ እናቱ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ በየሦስት ሰዓቱ ወተት ትሰጠዋለች። ቤት ከገቡ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

አባትየው ሥራ ሄዷል፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። እኩለ ቀን ላይ ከጡቷ ያለበችውን ወተት ለብ አድርጋ በጡጦ ይዛ መጣች። የሆስፒታሏ ነርስ እንዳስተማረቻት፣ በሆዱ የቀረ ወተት እንዳለ ለማየት መጀመሪያ ባዶውን ስሪንጅ ቱቦው ላይ ሰክታ ቀስ ብላ ሳበች። ሌላ ጊዜ ጠብታ ቢወጣ ነው። አሁን ግን ስሪንጁ ጢም ብሎ ሞላ። ወተቱ ገና አልረጋም፤ ሙቀቱም አልለቀቀውም።

ክው አለች። «ሰጥቼው ረሳሁ እንዴ?» ብላ ወደ ጡጦው ዞረች። አንዲት ጠብታ አልጎደለችም። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ አይታበት በማታውቀው ሰላም ለጥ ብሎ ተኝቷል።

ነርሷ ጋ ደወለች።

«ሲስተር፣ ሆዱ ሙሉ ነው! እኔ ግን ምንም አልሰጠሁትም!»

«ተረጋጊ፣ የኔ እናት። የሳብሽውን ቀስ ብለሽ መልሺለት። በላዩ ላይ ግን እንዳትጨምሪ፣ ትን ይለዋል።» ቀጥላም ጠየቀች። «አጠገብሽ ያሉት ሴትዮ ማን ናቸው?»

«ኧረ ማንም የለም! ብቻዬን ነኝ።»

«አንቺ ባወራሽ ቁጥር እኮ ከኋላሽ ይናገራሉ» አለች ነርሷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «‹ጠግቧል በያት› ይላሉ።»