ሕፃኑ ክሪሽና

እንጨት ጠራቢው ወንበርም መስቀልም ሠርቶ ያውቃል፤ የሕንዶችን አምላክ ግን ቀርጾ አያውቅም ነበር። ሥራውን ያመጣችለት ጅማ ውስጥ የምታስተምር አንዲት ሕንዳዊት ናት። በጉልበቱ የሚድኸውን ሕፃኑን ክሪሽናን ከዋንዛ እንዲቀርጽላት ፎቶውን ሰጠችው።

"መምህር፣ ቤት ውስጥ ምን ያደርግልዎታል?" አላት።

"ልጅ ነው እኮ! ጠዋት አጥበዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፤ ሲመሽ አስተኛዋለሁ።"

ራት ላይ፣ ፈገግ ብትልልኝ ብሎ ይህን ለሚስቱ ለይርገዱ አወራላት። እሷ ግን ቀና ሳትል፣ "ወተትም ይጠጣል?" አለችው።

"እንጨት ደግሞ ምን ወተት ይጠጣል!"

ሥራው አልቆ መምህርቷ ልትወስደው በመጣችበት ቀን ሕፃኑ ከጠረጴዛው ላይ ጠፋ። ሌባ ገብቷል እንዳይል መሣሪያዎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ። ይርገዱን ሊጠይቃት ወደ ቤት ሮጠ። መምህርቷም ተከተለችውና ደጃፉ ላይ ጫማዋን አወለቀች።

ይርገዱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እሹሩሩ ትላለች። የእንጨቱን ሕፃን ነጭ የሱፍ ሹራብ አልብሳ ታቅፋዋለች። ሹራቡ ባለፈው ወር፣ ክርስትና እንኳ ሳይነሣ የቀበሩት የልጃቸው ነው። ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል።

"ይርገዱ፣ የሰው ዕቃ እኮ ነው..." ብሎ እጁን ሲዘረጋ መምህርቷ ክንዱን ያዘችው።

"ተኝቷል፤ አትቀስቅሰው" አለችው በሹክሹክታ። ከዚያም ጫማዋን በእጇ እንዳንጠለጠለች ኮቴዋን ሳታሰማ ወጣች።