ቁጥር፣ ቀንና ምስክር

ባለሱቁን ሰፈሩ «ልኩ» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ስኳርና ሩዝ ሲመዝን አንድ ቀን እንኳ ሚዛኑ አጋደለ ያለው ሰው የለም። ስሙን ይወደዋል፤ የማይወደው መስሎ ነው የሚያልፈው እንጂ።

የልጃቸው ሠርግ ሁለት ወር ተኩል ሲቀረው ሙሽሪት ራሷ አባትና እናቷን ሳሎን አስቀምጣ መከረቻቸው። የስፖርት አስተማሪ ናት። «እቀንሳለሁ» ብቻ ማለት ከንቱ ነው አለች። ግብ ቁጥር ይፈልጋል፣ ቀን ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ምስክር ይፈልጋል። በሳምንት አንድ ኪሎ ይበቃል፤ እሑድ እሑድ ጠዋት አንዱ የሌላውን ክብደት አንብቦ ይጻፍ።

እናትየው ነገሩ አልጣማትም። እነሱ ቤት መክሳት አያስቅም። ታላቅ እህቷ ከሦስት ዓመት በፊት አላመመኝም እያለች በየሳምንቱ ከሳች፣ ከሳች፣ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ልጅቱ «ይሄ ሌላ ነው እማዬ» አለቻትና እሺ አሰኘቻት።

ሚዛን ተገዝቶ መታጠቢያ ቤት ገባ። በሩ ላይ ደብተር ተንጠለጠለ። የመጀመሪያውን መስመር ልጅቱ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈች፤ አባዬ ዘጠና ስድስት፣ እማዬ ሰባ ሁለት።

ልኩ አሥር ኪሎ ጥሎ የራሱን የሠርግ ሱፍ ለልጁ ሠርግ እንደሚለብስ ሳሙና ሊገዛ ለመጣ ሁሉ አወራ። ችግሩ ሱቁ ውስጥ ብስኩት አለ። ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል በድብቅ ቢመዘን ዘጠና ስድስት፣ ንቅንቅ የለም። ሆድና ግንባር አይሸሸግም ይባላል። ልኩ ግን መሸሸጊያ አላጣም። ከሚዛኑ ሥር መርፌውን ዜሮ ላይ የምታስተካክል ትንሽ መዘውር አለች። ዕድሜውን ከሚዛን ጋር ለጨረሰ ሰው ይህን የሚያስተምረው አያሻውም። የመጀመሪያዋ እሑድ ጠዋት ሚስቱ ሳትነሳ አንድ ኪሎ ወደኋላ አዞራት። ለዛሬ ብቻ ነው ብሎ ለራሱ ማለ። በሁለተኛዋ እሑድም ማለ።

ሚስቱም ሰባ አንድ፣ ቀጥሎ ሰባ ሆነች። ጎበዝ አላት። የተጻፈላት ሁለት ኪሎ ከየት እንደመጣ ስለሚያውቅ አፈረ። እሷ አልሳቀችም።

ከሦስተኛዋ እሑድ ጀምሮ ግን ከሰባ ፈቀቅ አልል አለች። ጠዋት ይበርደኛል እያለች ካፖርቷን ደርባ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፣ ትቆያለች፣ ከዚያ «ና መስክር» ብላ ትጠራዋለች። ሰባ። በሳምንቱም ሰባ። ልኩ በሆዱ ያሰላል። መርፌው በየሳምንቱ ወደኋላ እየተመለሰ እሷ ሰባ ላይ ከቆመች፣ እየወፈረች ነው ማለት ነው። እሷ ደግሞ አታውቅም። እንዳታውቅ ያደረጋት እሱ ነው።

ለሠርጉ ልብስ የምትሰፋላት ጎረቤታቸው ሱቅ ስትመጣ ፈራ ተባ እያለ ጠየቃት።

«መጀመሪያ በለካኋት ልክ ናት፤ አላሰፋሁ አላጠበብኩ» አለችው።

የደንበኛ ወሬ ነው ብሎ ተወው፤ እሱም ነጋዴ ነው። ከባንኮኒው ሥር የነበሩት የድሮ የኪሎ ብረቶች ሳጥናቸው ቀለል ሲልበት ደግሞ ሚስቱ ለዚህችው ልብስ ሰፊ ጨርቅ ማስረገጫ አውሻታለሁ አለችው። አልመረመረም። የራሱን የደበቀ ሰው የሌላውን አይበረብርም።

ባለቤቱ በዚያ ሰሞን ወጥ መሥራት ታስተምረው ጀመር። የቤቱ ወረቀቶች የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳሉም አሳየችው። ለምን ቢላት እኔ በሌለሁ ጊዜ እንዳትቸገር አለች። የሠርጉ ሩጫ ነው ብሎ አሰበ። በዚያም አፈረ፤ እሷ ለእሱ ስትጨነቅ እሱ መዘውር ያዞራል።

በስድስተኛዋ እሑድ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ የታፈነ ለቅሶ ሰማ። ቁጥሩ አልወርድላት ብሎ ነው፣ አለ በልቡ። ጠራችውና ገባ። መርፌው ሰባ ላይ ነው። ዓይኗ ቀልቷል።

«ስሚኝማ» አላት። «ሚዛኑን የማዞረው እኔ ነኝ።»

ከሚዛኑ ወረደች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያዋ እሑድ። በየሳምንቱ አንድ አንድ ኪሎ ወደኋላ። እኔ አንዲት ኪሎ አልቀነስኩም። በእኔ ጦስ አንቺም ሳታውቂው እየወፈርሽ ነው።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ግድግዳውን ተደገፈች።

«ዜሮ ላይ መልሰው» አለች።

ተንበረከከ። መዘውሯን መለሳት። ቀና ሲል ሚስቱ ከካፖርቷ ኪስ አንድ ኪሎ ብረት አውጥታ የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ስታስቀምጥ አየ። ሌላ አንድ ኪሎ አስከተለች። ከግራ ኪሷ ባለ ሁለት ኪሎውን አወጣች። «እንደ ልማዴ እየበላሁ ስከሳ ጊዜ ሠርጉ እስኪያልፍ ልደብቀው ብዬ ነው» አለችና ካፖርቱን አወለቀች።

ልኩ ብረቶቹን አየ፤ አራት ኪሎ። የእህቷ ፊት ድቅን አለበት። ወጡም፣ መሳቢያውም፣ ለቅሶውም አንድ ላይ መጡበት። ስድስት ሳምንት አንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ የራሱን ሆድ ሲደብቅ ይህን አላየም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሚስቱ በባዶ እግሯ፣ በስስ የሌሊት ልብሷ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ዓይኗን ጨፍናለች።

«አንተ አንብበው» አለችው። «ምስክሬ አይደለህ?»

ጎንበስ አለ።

መርፌው ደብተሩ ላይ በቀይ እንደተጻፈው ሰባ ሁለት ላይ ቆሟል።